ጾመኛ ቆዳዎች

ሲ ምፈዳል፣ «ሲ» በእኛ ዘንድ አቶ ማለት ነው፣ ጠዋት ወደ ቆዳ ማልፊያው ግቢ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለሰው ብሎ አይደለም። በዚያ ሰዓት ገና ሰው የለም፤ ከመቃብሩ በር በኩል የሚመጣ ጭጋግ ብቻ የጉድጓዶቹን አፍ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያልፋል። ድምፁን የሚቀንሰው ለቆዳዎቹ ነው። «ተኝተዋል» ይላል። «የተኛን አይቀሰቅሱም።»

በከተማችን በቴቱዋን ቆዳ አልፊዎች ዘንድ ቆዳ እንዲህ ነው፤ ይተኛል፣ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ያኮርፋል። ኖራ ውስጥ ሲገባ «ሞተ» ይሉታል። በርግብ ኩስ ውሃ ሲለሰልስ «ልቡ ራራ» ይባላል። ከፉርሽካው ውሃ ወጥቶ ሦስት ቀን በንጹህ ውሃ ሲቀመጥ «ጾመ» ነው የሚባለው። ከዚያ በሮማን ልጣጭ ውሃ ጾሙን ፈትቶ ያፈጥራል፤ ነፍሱም ይመለሳል። ይህን ቋንቋ ሁሉ ምፈዳል የተማረው ከአባቱ ከሕሚዶ ነው። ሕሚዶ ሚዛን አልነበረውም፤ ሰዓትም አልነበረውም። የነበረው ቃል ብቻ ነው።

ምፈዳል ሃያ ዓመት ሲሞላው ዱቄቱ መጣ። የተማሩት ክሮም ይሉታል፤ ግቢው ግን በዓለም ላይ ሌላ ዱቄት የሌለ ይመስል «ዱቄቱ» ብቻ ይለዋል። ሮማን አንድ ወር የሚፈጅበትን ሥራ ዱቄቱ በሁለት ቀን ጨረሰው። ቆዳው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ለስላሳ ነው፣ የሰጡትን ቀለም ሁሉ ይቀበላል፣ ውሃም አይፈራም። ወጣቱ ምፈዳል አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቱ ሕሚዶ ግን የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቆዳ በጣቱ ነካ አደረገና «ይሄ አልጾመም» አለ። በሚቀጥለው ክረምት ሞተና ከግቢው ግድግዳ ማዶ ተቀበረ።

ምፈዳል አርባ ሦስት ዓመት በዱቄቱ ሠራ። ልጆቹን አሳደገበት፣ ዳረበት። ክፉ ነው ብሎ አስቦት አያውቅም ነበር። ኋላ ግን እጆቹ መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ በጣቶቹ መካከል ማሳከክ መጣ፤ ከዚያ መሰንጠቅ፤ ከዚያ የማይድኑ ትንንሽ ቁስሎች። ሐኪሙ አገላብጦ አየና እጁን እንደሚሰበር ነገር ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠለት።

«ሰውነትዎ ዱቄቱን ጠልቶታል፣ ሲ ምፈዳል። ወይ ዱቄቱን ይተዋሉ፣ ወይ ጉድጓዱን።»

«ጓንት ባደርግስ?»

«ይሞክሩት።»

ሞከረው። በሦስተኛው ቀን እርጥብ ቆዳ ከጓንቱ አምልጦ እሱንም ይዞት ጉድጓድ ገባ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። በአጠገቡ ባለው ጉድጓድ የሚሠራው አብሮ አደጉ ዓያሺ እጁን ይዞ እየጎተተ፣

«በስልሳ ሦስት ዓመትህ ራስህን ልታለፋ ነው እንዴ? የሽማግሌ ቆዳ ማን ይገዛልሃል?» አለው።

ምፈዳልም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን ሳቁ የለም።

አሥር ቀን ፍራሹ ላይ ተጋደመ። ሚስቱ ላላ ርሂሞ፣ ወይዘሮ ርሂሞ እንደማለት ነው፣ በዙሪያው እየጠረገች «ጨው ያልነካው ቆዳ መሰልክ እኮ! ልትበላሽብኝ ነው» ትለዋለች። እሱ ግን አይሰማትም፤ የሚሰማው ውሃውን ነው። ከደርሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ በከተማችን ሥር በሸክላ ቧንቧ ይሄዳል፤ ከቀትር በኋላ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ጆሮውን ወለሉ ላይ ላስጠጋ ሰው የሆነ ነገር በሹክሹክታ እየነገረው ያልፋል። አንድ ቀን በዚያ ድምፅ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙም ውሃውን ሆነ። ከመስጊድ ሥር አለፈ፤ ከሙሽራ ቤት ሥር አለፈ፤ ሰዎች ፊታቸውን ታጠቡበት፣ ጠጡትም። ወደ ቆዳ ግቢው ገብቶ ሲወጣ ግን አፉ መረረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ፣ እስከ ብርቱካኑ ማሳ ድረስ፣ ያገኘውን የዛፍ ሥር ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሄደ።

ሲነቃ ርሂሞ አጠገቡ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«በአባቴ መንገድ ልመለስ ነው» አላት።

«የአባትህን መንገድ ታውቀዋለህ?»

«ቃሉን አውቀዋለሁ።»

«ቃል ቆዳ ያለፋል?» አለችው። ይሁንና ባቄላውን አስቀምጣ የሮማን ልጣጭ የሚያሰጣበትን ጠፍጣፋ ጣሪያ ልትጠርግለት ወጣች። ወቅቱ የሮማን ነበር፤ የጭማቂ ሻጮቹ ልጣጩን የሚጥሉበት አጥተው ይጨነቁ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የምፈዳል ነጭ ጣሪያ ቀላ። ከሩቅ ያየ ሰው ፀሐይ እዚያ ቤት ላይ ጠልቃ የቀረች ይመስለዋል።

ልጣጩ እዚያ መድረቅ በጀመረ ሰሞን ኑዝሃ ወደ ጣሪያው ወጣች። ኑዝሃ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ በተለይ የምታውቀው ውሃ ነው። በየወሩ ከግቢው በታች ካለው ቦይ በትንሽ ጠርሙስ ስትቀዳ ቆዳ አልፊዎቹ «ሽቶ ልትሠራ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። ያን ቀን ከልጣጩ መካከል ተቀመጠችና አንዱን አንስታ ነከሰች፤ አፏ ተኮማተረ።

«ዓሚ ምፈዳል፣ ይሄ እኮ እኛ ዘላቂ ኬሚስትሪ የምንለው ነው» አለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ነው የምትለው። «ነገሩ ከመሠራቱ በፊት ከምን እንደሚሠራ፣ ሠሪውን ምን እንደሚያደርገው፣ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ መጠየቅ ነው። መርዝ ሠርቶ ኋላ ከማጽዳት፣ ከመጀመሪያው አለመሥራት።»

«ታዲያ አባቴ ኬሚስት ነበር በይኛ!»

«ግማሹን።»

«ግማሹን? ምነው ልጄ?»

«አባትዎ ኖራውን የት ነበር የሚደፉት?»

ምፈዳል ወደ ወንዙ በኩል አየ።

«ዓሣ ይሄ የፋብሪካ ነው፣ ያ የተፈጥሮ ነው ብሎ አይለይም» አለች ኑዝሃ፤ ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነበር። «እባብም መርዙን ከሱቅ አልገዛም፣ ዓሚ።»

«አፍሽ ያው የእናትሽ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ግን የኖራውን ውሃ መድፋት ተወ። በገንቦ እያጠለለ ደጋግሞ ተጠቀመበት፤ ከታች የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ደግሞ መሬቱ የኮመጠጠበት አንድ አትክልተኛ በአህያ ጭኖ ወሰደው። በየጊዜው ማጥለሉ ወገቡን ይቆርጠዋል። «የአባቴ ግማሽ ቀላሉ ነበር፤ የኑዝሃ ግማሽ ነው የከበደው» ይላል።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያዎቹ ቆዳዎች ተራቸው ደረሰ። አሥራ ሁለት የፍየል ቆዳዎች ነበሩት። ኑዝሃ ስድስቱን ብቻ እንዲጀምር ለመነችው፤ «ስህተት ሲመጣ ግማሹን ብቻ ያግኝ» አለች። ስድስቱ በኖራ ሞቱ፤ በርግብ ኩስ ልባቸው ራራ፤ ፉርሽካ በሉ፤ ሦስት ቀን በንጹህ ውሃ ጾሙ። ከዚያ ምፈዳል ልጣጩን ሳይሰስት ዘፍዝፎ ጥቁር፣ ወፍራም የሮማን ውሃ አዘጋጀ። ሦስት ቀን የተራበ ጠግቦ ይብላ ብሎ ነው። ኑዝሃም በደብተሯ ላይ «ከጾሙ በኋላ ይመገባል» ብላ ጻፈች፤ እሷ ውሃ ታውቃለች እንጂ ቆዳ አታውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምፈዳል አንዱን አውጥቶ አንገቱ ላይ፣ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ በቢላ ሰነጠቀው። ከላይ ቡናማ ነው፤ ከታችም ቡናማ ነው። መሀሉ ላይ ግን ነጭ መስመር አለ። ጥሬ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ስድስቱም እንደዚያው። ውጫቸው እንደ ጣውላ ደርቆ ውስጣቸው እንደሞተ ቀርቷል።

ዓያሺ አንዱን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አንኳኳው። «በልጋ ጫማ እንኳ አይወጣውም። በር ግን ይወጣዋል፤ ማጠፊያ ግጠምለት!»

ማንም አልሳቀም፤ የምፈዳልን ፊት አይተው ነበርና። የቆዳ አልፊዎቹ አለቃ፣ አሚኑ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አባትህም ያውቀው ነበር። የማይሠራ ጉድጓድ ለሚሠራ ይሰጣል። እስከ ዒድ ልጠብቅህ። መሀሉ የበሰለ ቆዳ ካሳየኸኝ ጉድጓዱ ያንተ ነው። ካልሆነ ግን የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ፤ እነሱም ቤት አላቸው።»

«እውነትህን ነው» አለ ምፈዳል። ሌላ ምን ይላል? ጉድጓዱ ከሌለ ጠዋት ተነስቶ እግሩን ወዴት እንደሚያነሳ አያውቅም። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ መንገድ ሄዶ አያውቅማ።

የቀሩትን ስድስት ቆዳዎች ጀመራቸው። ረመዳን ሲገባ በንጹህ ውሃ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እሱም ይጾማል፣ እነሱም ይጾማሉ። ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ውሃው ውስጥ ሲያያቸው ነጫጭ ናቸው፤ ጫፎቻቸው ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ፤ በሕልም ውስጥ እንደሚራመዱ ሰዎች። ነገ የሮማኑን ውሃ ማግኘት አለባቸው። የፊተኛውን ስህተት ግን አላወቀውም፤ ያው ስህተት ነገ እንደገና ሊፈጸም ነው።

ያን ምሽት የጾም መፍቻውን ሰዓት የሚያበስረው የመድፍ ድምፅ ሲሰማ ርሂሞ ገበታውን ዘርግታ ነበር፤ ቴምር፣ ወተት፣ ትኩስ ሐሪራ ሾርባ፣ ከኋላ ደግሞ በፕለም የተሠራ የበግ ሥጋ። ምፈዳል ሐሳብ ይዞት ስለነበር እጁ በቀጥታ ወደ ሥጋው ሄደ። ርሂሞ እጁን መታችው።

«አንተ ሰው! ጅብ ነህ እንዴ? ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ ሥጋ ትጥልበታለህ? ደንግጦ ይዘጋብሃል! ውጭ ውጭህ ይጠግባል፣ ውስጥህ ተርቦ ያድራል። መጀመሪያ ቴምር፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ሾርባህን። ይሄን አሁን ለሽማግሌ ይነገራል?»

ምፈዳል ቴምሩን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ።

«ምን ሆንክ? ፍሬው አነቀህ?»

«እንደገና በይው።»

«ምኑን?»

«ይዘጋል ያልሽውን።»

«ሾርባህን ጠጣ፣ ሲ ምፈዳል። ጾሙ ራስህ ላይ ወጥቷል።»

እሱ ግን ቴምሩን ጎርሶ፣ በባዶ እግሩ፣ ደረጃውን ወርዶ ነበር። ርሂሞ ከኋላው «ሐሪራው ይቀዘቅዛል!» እያለች ተጣራች። የኑዝሃን ቤት አንኳኳ። መላው ቤተሰብ ማንኪያ እንደያዘ ዞሮ አየው። በኢፍጣር ሰዓት በባዶ እግሩ በር ላይ የሚቆም ሰው ወይ ሞት ያረዳል ወይ ያበደ ነው።

«ልጄ» አለ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። «አባቴ ያፈጥራል ነው ያለው። ይደግሳል አላለም! እኛ ለተራበ ሥጋ ጣልንበት!»

ኑዝሃ ለትንሽ ጊዜ አልገባትም። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጠንካራው ውሃ የላይኛውን በር ዘጋው» አለች ቀስ ብላ፤ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። «ሮማኑ ውጩን ቶሎ ያዘውና የተከተለው መግቢያ አጣ። ደካማ ቢሆን ኖሮ ቀስ እያለ እስከ መሀል ይገባ ነበር... ዓሚ፣ ይሄ እኮ መጻሕፍት ላይ አለ! ግን ማንም ኢፍጣር ብሎ አልጻፈውም፤ አንብቤው አልፌዋለሁ።»

«አሁን ታዲያ ቴምርና ወተቱን ከየት ላምጣ?»

«የፊተኞቹ ስድስት የጠጡበት ውሃ አለ? ደፉት?»

«የተለቀመ ልጣጭ እንዴት ይደፋል? በገንቦ አለ።»

«እሱ ጉልበቱ አልቋል፤ ለመጀመሪያ ጉርሻ ልኩ እሱ ነው። ከእሱ ጀምረን ጠንካራውን በየሁለት ቀኑ እንጨምራለን። በመጨረሻ የሚተርፈውን ደግሞ አንደፋውም፤ ለሚመጡት ቴምርና ወተት ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም፣ ዓሚ!» አለችና እንደ ልጅ አጨበጨበች። እናቷ «በሉ መጀመሪያ ሁለታችሁም አፍጥሩ!» ብላ ጎትታ አስቀመጠቻቸው።

እንዲህ ሆኖ የቆዳዎቹ ጾም በማግስቱ ተፈታ። የምፈዳል የዚያ ወር ኑሮ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል የተዘረጋ ነበር። ራሱ ጾሞ ቆዳዎቹን ያጎርሳል። በየሁለት ቀኑ አንድ ባልዲ ጠንካራ ውሃ ይጨምራል፣ በዱላ ቀስ አድርጎ ያገላብጣል፣ ከዚያ ተቀምጦ ያያል። ነጩ ወደ ገለባ፣ ገለባው ወደ ማር፣ ማሩ ወደ ሸክላ ሲሄድ ዓይኑ ሥር ነው፤ ግን መቼ እንደተለወጠ አያውቅም። የእጆቹ ቁስሎችም እንደዚያው፤ አንድ ቀን ሲያያቸው የሉም።

ሁሉ ግን እንደ ሕልም አልሄደም። በዘጠነኛው ቀን ዝናብ ጉድጓዱን ሞላውና የተጠራቀመውን ጉልበት አቀጠነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ልጣጩ አለቀ፤ የፊተኞቹ ስድስት ባንድ ጊዜ የዋጡት ልጣጭ አሁን ጎደለ። የሮማን ወቅት ካለፈ ቆይቷል። ምፈዳል ገበያውን ሲዞር ውሎ ከተራራ የሚወርዱት ባለ ትልልቅ ባርኔጣ ሴቶች ለሆድ ሕመም ያደረቁትን ልጣጭ ሲሸጡ አገኘና እፍኝ በእፍኝ ለቀመ። አንዷ ሴት «ይሄን ሁሉ? እንዴት ያለ ሆድ ነው ያለህ?» ብላ አዘነችለት።

ኑዝሃ ይህን ስትሰማ ደብተሯን ገልጣ ቁጥሮቹን ደመረች።

«እውነቱን ልንገርዎት? ግቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሮማን ቢዞር የሰሜኑ አገር ሮማን በሙሉ አይበቃውም። የሌላ ዛፍ ቅርፊት መፈለግ አለብን፤ ለዚያም ዛፍ መትከል አለ። ውሃውም ብዙ ነው። አንድ ወር የሚጠብቅ ገዢም ያስፈልጋል።»

«ታዲያ ለምን እንለፋለን?»

«አንድ ጉድጓድ ከዜሮ ይሻላል ብዬ ነው» አለችና አፈረች። «ይሄ ሳይንስ አይደለም፤ የኔ ሐሳብ ነው።»

ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀር አሚኑ መጣ። ግቢው ሥራ አቁሞ ተሰበሰበ። ምፈዳል ስድስቱን ቆዳ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ዘረጋ፤ ቢላውንም ለአሚኑ ሰጠው። አሚኑ የመጀመሪያውን አንገት ሰነጠቀና ወደ ፀሐይ አዞረው። ከላይ ሸክላ፣ ከታች ሸክላ፣ መሀሉም ሸክላ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ታየች፤ ጉድጓዱ ሥር ታጥፎ የቆየው ቆዳ ነበር።

አሚኑ ስድስተኛውን ለብቻው አስቀመጠ፤ አምስቱን በመዳፉ ደባበሳቸው፤ አንዱን በአፍንጫው አሸተተ።

«ይሄን ሽታ ረስቼው ነበር» አለ። «ጉድጓዱ ያንተ ነው።»

ምፈዳል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ኑዝሃ ከበሩ አጠገብ ቆማ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

ግቢው ግን በማግስቱ ወደ ዱቄቱ ተመለሰ። ትእዛዝ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ወር የሚጠብቅ ነጋዴ የለም። ከአርባ ሦስቱ ጉድጓዶች አርባ ሁለቱ ሰማያዊ ናቸው። ምፈዳል ለዚያ ማንንም አይወቅስም።

ከዒድ በኋላ በአምስተኛው ቀን ዓያሺ ሁለት የፍየል ቆዳ በክንዱ ይዞ መጣና ግድግዳውን እያየ ቆመ።

«ምን ፈለግህ?» አለው ምፈዳል።

«ምንም። ልጄ በበጋ ልታገባ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ከዚያስ?»

«የሙሽራ በልጋዋን... ማለቴ፣ እሷ እግሯ ስስ ነው። ዱቄቱን እግሯ ላይ...» ዓያሺ ጉሮሮውን ጠረገ። «አትሳቅብኝ።»

«አልሳቅኩም።»

«በዓይንህ እየሳቅክ ነው።»

«በሮማን የለፋ ቆዳ በቢጫ ሲነከር፣ በዱቄቱ እንደምትሠራው እንዳንተ ቢጫ አይደምቅላትም። የመከር ቅጠል ነው የሚመስለው። አስቀድሜ ልንገርህ።»

«ትወደዋለች። ካልወደደችም አንተ ነህ የምትነግራት።»

ምፈዳል ቆዳዎቹን ተቀበለና ጀርባቸውን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ተከተለ።

«ይሄኛው ጥሩ ነው። ይሄኛው ግን እሾህ ውስጥ ሲሮጥ የኖረ ነው፤ ጭረቱን አየኸው? ለግራ እግር እናድርገው።»

«ግራ እግር ምን አጠፋ?»

«በሰርግ ቀን ሙሽራ በቀኝ እግሯ ነው የምትገባው፤ ሰው የሚያየው ቀኙን ነው» አለና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አጥፎ ወደ ውሃው ወረደ።